የወርክስቴሽን ግራፊክስ ካርድ ታሪክ፦ ከዴስክቶፕ ወደ ላፕቶፕ

ወርክስቴሽን የሚባለው ኮምፒውተር ለአንድ ባለሙያ፣ ማለትም ለመሐንዲስ፣ ለአርክቴክት፣ ለጂኦሎጂስት ወይም ለፊልም ሥዕል አቀናባሪ፣ ከባድ የስሌትና የሥዕል ሥራ እንዲሸከም ተደርጎ የተሠራ ማሽን ሲሆን፣ ከተራው ኮምፒውተር ከሚለይባቸው ነገሮች ዋነኛው በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሥዕል አስልቶ የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ነው። ይህ ካርድ ዛሬ በሁለት መልክ ለገበያ ይቀርባል፤ አንደኛው በዴስክቶፕ ሣጥን ውስጥ በማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካና የራሱ ማራገቢያ ያለው ወፍራም ካርድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በላፕቶፕ ውስጥ ከዋናው ፕሮሰሰር ጎን ተቀምጦ ማቀዝቀዣውንም የኤሌክትሪክ ምንጩንም ከእርሱ ጋር የሚካፈል ቺፕ ነው። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የቤተሰብ ስም፣ አንዳንዴም አንድ ቁጥር ስለሚይዙ፣ እኩል ናቸው ብሎ የሚገምት ገዢ አይፈረድበትም። ግምቱ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስሕተት ሲሆን፣ የትኛው ግማሽ ትክክል እንደሆነ ለመለየት ስሙ መጀመሪያ ሲወጣ ለገዢው የገባውን ቃል መመርመር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሙያው መነሻ ካርድ ሳይሆን አንድ ሙሉ ክፍል የሚሞላ ማሽን ነበር። አይቨን ሰዘርላንድ በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ዲግሪው ያቀረበው ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም ቲ.ኤክስ. 2 በሚባል ኮምፒውተር ላይ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ተጠቃሚው በብርሃን ብዕር ስክሪኑን እየነካ መስመር እንዲያሰምር፣ ያሰመረውንም እንዲያስተካክል ያስችል ነበር። በ1968 ሰዘርላንድ ከዴቪድ ኢቫንስ ጋር በዩታ ግዛት በሶልት ሌክ ሲቲ ያቋቋሙት ኢቫንስ ኤንድ ሰዘርላንድ ኩባንያ ለሥዕል ስሌት ብቻ የተሠሩ መሣሪያዎችን ማቅረብ ጀመረ፤ ከዋነኞቹ ደንበኞቹም መካከል ለአብራሪዎች ማሠልጠኛ የበረራ ማስመሰያ የሚሠሩ ድርጅቶች ይገኙበታል። በዚያ ዘመን የሥዕል መሣሪያ ዋጋ የሚከፍለው መንግሥት፣ ጦር ኃይል ወይም ግዙፍ ኩባንያ ብቻ ነበርና፣ የመሣሪያው ክብደትም ሆነ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ የማንም ጭንቀት አልነበረም።

መሣሪያውን ወደ ቺፕ ያወረደው በዚያው በዩታ ዩኒቨርሲቲ የሠለጠነው ጂም ክላርክ ነው። ክላርክ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ከተማሪዎቹ ጋር የነደፈው ጂኦሜትሪ ኢንጂን አንድ መሠረታዊ ሥራን ከዋናው ፕሮሰሰር ትከሻ ላይ አወረደ። ባለ ሦስት ገጽታ ቅርጽ በኮምፒውተር ውስጥ የሚኖረው እንደ ነጥቦች ስብስብ ነው፤ ተመልካቹ ቅርጹን ባዞረ ቁጥር እያንዳንዱ ነጥብ በማትሪክስ መባዛት፣ ከስክሪኑ ክልል የወጣው መቆረጥ፣ የቀረውም በስክሪኑ ልክ መመጠን አለበት። በ1982 ክላርክ ይፋ ባደረገው ንድፍ 12 ተመሳሳይ ቺፖች በሰልፍ ተቀምጠው፣ 4ቱ ማባዛቱን፣ 6ቱ መቁረጡን፣ 2ቱ መመጠኑን ይከፋፈሉት ነበር። በዚህ ንድፍ ላይ የተመሠረተው ሲሊከን ግራፊክስ ኩባንያ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት የፊልም ሠሪዎች፣ የመኪና ነዳፊዎችና የነዳጅ ፈላጊዎች ቀዳሚ ምርጫ ሆነ፤ በ1992 ያወጣው ኦፕንጂኤልም፣ ይኸውም ፕሮግራም ጸሐፊዎች ካርዱ የማንም ይሁን የማን በአንድ ቋንቋ እንዲያዝዙት የሚያስችለው የጋራ መመሪያ፣ ኩባንያው ከከሰመ በኋላ እንኳ በሥራ ላይ ቆይቷል። ከዚህ ሁሉ ማሽን መካከል ግን ባለሙያው ወደ ደንበኛው ቢሮ ይዞት የሚሄደው አልነበረም።

በተራው የግል ኮምፒውተር በኩል የተደረገው ጥረት ከዚህ ያነሰ ዝና ቢኖረውም ለኋላው ታሪክ ይበልጥ ይጠቅማል። አይ.ቢ.ኤም. በ1984 ያወጣው ፕሮፌሽናል ግራፊክስ ኮንትሮለር በአግድም 640፣ በቁመት 480 ነጥብ የሆነ ሥዕል በ256 ቀለማት የሚያወጣ፣ በሦስት የተያያዙ ሰሌዳዎች የተሠራና የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ካርድ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ብቅ ያለውን አውቶካድን ለመሳሰሉ የንድፍ ፕሮግራሞች የታሰበ ሲሆን፣ ዋጋው ግን ብዙ ገዢ የሚደፍረው አልነበረም። በ1990ዎቹ ዊንዶውስ ኤንቲ ሲመጣ ስሪዲላብስ፣ ኢንተርግራፍ፣ ኤልሳና ዳይመንድን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ኦፕንጂኤልን በተራ ኮምፒውተር ላይ የሚያፋጥኑ ካርዶችን ማቅረብ ቻሉ። የእነዚህ ኩባንያዎች ችግር የዕውቀት ሳይሆን የገበያ ነበር፤ ለጥቂት ሺህ መሐንዲሶች ብቻ የሚሆን ቺፕ የመንደፍ ወጪ በየዓመቱ እየናረ ሲሄድ፣ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ የጨዋታ ወዳዶች የሚሸጡ ኩባንያዎች ያንኑ ወጪ ለብዙ ሰው አካፍለው በቀላሉ ይሸፍኑት ጀመር።

የጨዋታው ገበያ የሙያውን ገበያ የዋጠው በ1999 እና በ2000 መካከል ነው። ኤንቪዲያ በጥቅምት 1999 ጂፎርስ 256 የተባለውን ካርድ ለጨዋታ አወጣ፤ ይህ ካርድ ክላርክ በ12 ቺፕ ያሠራውን የነጥቦች ስሌት ከሥዕል ማቅለሙ ጋር በአንድ ቺፕ ላይ ያጠቃለለ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ቺፕ ኳድሮ በሚል ስም ለወርክስቴሽን ቀረበ። በዚያው 1999 ኤንቪዲያና ሲሊከን ግራፊክስ የፓተንት ክሳቸውን በስምምነት ዘግተው ስለነበር፣ የቀድሞው የመስኩ ንጉሥ ብዙም ሳይቆይ በኳድሮ ቺፕ ላይ የተመሠረቱ ካርዶችን ቪፕሮ በሚል የራሱ ስም በሚሸጣቸው ኮምፒውተሮች ውስጥ ማስገባት ጀመረ። ስሪዲላብስ በ2006 ከወርክስቴሽን ገበያ ወጣ፤ ሲሊከን ግራፊክስም በዚያው ዓመት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የፋየርጂኤልን የሙያ ካርዶች በ2001 የገዛው ኤቲአይ ግን የኤንቪዲያ ተፎካካሪ ሆኖ ቀጠለ፤ በ2006 ኤኤምዲ ኤቲአይን ሲጠቀልል ያ ዘርፍ ወደ ኤኤምዲ ተላለፈ።

ቺፑ አንድ ከሆነ ገዢው ብዙ እጥፍ የሚከፍለው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በዚያን ጊዜ በስፋት የተነሣ ሲሆን፣ ሰሌዳው ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ሬዚስተር በማዛወር፣ በኋላም በፕሮግራም ብቻ፣ የጨዋታውን ካርድ ኳድሮ ነኝ እንዲል የሚያደርጉ ሰዎች መኖራቸው ጥያቄውን አጋግሎት ነበር። መልሱ ከፊሉ ንግድ ነው፤ ዋጋው ገዢው ሊከፍል በሚችለው ልክ የተሰፋ እንደነበር መካድ አይቻልም። ከፊሉ ግን እውነተኛ ነው። ጨዋታ ተጫዋች የሚያየው ቆዳ የለበሰ ገጽ ሲሆን፣ መሐንዲስ ብዙ ጊዜ የሚያየው የንድፉን አጽም፣ ማለትም በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን መስመሮችን ነው፤ ስለዚህ የመስመሮችን ጠርዝ ማለስለስ፣ የገጽን ፊትና ጀርባ ለየብቻ ማብራት፣ በርካታ መስኮቶችን ያለ መዛነፍ ማሳየት በኳድሮ ላይ ተከፍተው በጨዋታው ካርድ ላይ የተዘጉ ችሎታዎች ነበሩ። ከዚህ ሁሉ በላይ ድራይቨሩ፣ ይኸውም በፕሮግራሙና በካርዱ መካከል እንደ አስተርጓሚ የሚሠራው ሶፍትዌር፣ ለንድፍ ፕሮግራሞች ተብሎ ለብቻው ይጻፍና ይፈተን ነበር። የፕሮግራሞቹ ባለቤቶች ካርዱንና ድራይቨሩን መርምረው የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣሉ፤ ማረጋገጫው ካርዱ ፈጣን ነው አይልም፤ መስመሩ የሚታየው በትክክለኛው ቦታ ነው፣ ችግር ሲፈጠርም የፕሮግራሙ ባለቤት ጉዳዩን ተቀብሎ ይመረምረዋል ማለት ብቻ ነው። የወርክስቴሽን ካርድ ስም የገባው ቃል ይህ ሲሆን፣ ገዢዎችና ሻጮች በኋላ ከፍጥነት ጋር ያምታቱት ይመስላል።

ወርክስቴሽንን ተንቀሳቃሽ የማድረግ ሐሳብ ከኳድሮ ይቀድማል። በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ የነበረው ታድፖል ኩባንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስፓርክቡክ የተባሉ፣ የሰን ኩባንያን ፕሮሰሰርና የዩኒክስ ሥርዓት የያዙ ተንቀሳቃሽ ማሽኖችን ይሸጥ ነበር፤ አይ.ቢ.ኤም.ም በ1995 ፓወር ፒሲ ፕሮሰሰር ያለው ቲንክፓድ 850 አወጣ። እነዚህ ማሽኖች የወርክስቴሽንን ሶፍትዌር እንጂ የወርክስቴሽንን የሥዕል ኃይል አልተሸከሙም። ያ ኃይል ወደ ላፕቶፕ የገባው ኤንቪዲያ በ2001 ኳድሮ 2 ጎን ባወጣ ጊዜና በሚቀጥለው ዓመት አይ.ቢ.ኤም. ቲንክፓድ ኤ31ፒ ላይ የኤቲአይን ሞቢሊቲ ፋየርጂኤል 7800 ባስቀመጠ ጊዜ ነው። መሐንዲሱ ከዚያ ወዲህ የማረጋገጫ ወረቀት ያለውን ካርድ በቦርሳው ይዞ ወደ ግንባታ ቦታ መሄድ ቻለ። በ2004 ኤንቪዲያ ያስተዋወቀው ኤም.ኤክስ.ኤም. የተባለ መሥፈርት ደግሞ የላፕቶፕ ካርድ እንደ ዴስክቶፑ የሚነቀልና የሚተካ እንዲሆን ያለመ ነበር፤ የሦስተኛው ትውልድ ትልቁ ዓይነት 82 በ105 ሚሊሜትር የሆነ ሰሌዳ ነው። መሥፈርቱ በወረቀት ላይ ያማረ ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ላፕቶፕ ሠሪ የራሱን ማቀዝቀዣና የራሱን መነሻ ሶፍትዌር ስለሚያበጅ፣ ካርድ ገዝቶ መተካት የቻለው ትዕግሥተኛው ብቻ ነበር፤ ላፕቶፖች እየሳሱ ሲሄዱም ቺፑን በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ መበየድ እየተለመደ መጣ።

በሁለቱ መልኮች መካከል ያለው ልዩነት ሥሩ ሙቀት ነው። የዴስክቶፕ ካርድ ከሚሰካበት ቦታ ብቻ 75 ዋት ያገኛል፤ ባለ 6 እግር ተጨማሪ ገመድ ሌላ 75፣ ባለ 8 እግር ገመድ ደግሞ 150 ዋት ይጨምርለታል፤ ከዚህ የሚወጣውን ሙቀት የሚያስወግድ ሰፊ ብረትና ማራገቢያ ለብቻው አለው። ላፕቶፑ ግን ለፕሮሰሰሩ፣ ለስክሪኑ፣ ለባትሪው ቻርጅና ለግራፊክሱ በአንድነት የሚበቃ አንድ አዳፕተር፣ ለሁሉም የሚሆን ጥቂት ሴንቲሜትር ውፍረት ብቻ አለው። አንድ ቺፕ በሥራ ላይ የሚፈጀው ኃይል ከምት ፍጥነቱ፣ ማለትም በሰከንድ ስሌቱን ከሚያስኬድባቸው ምቶች ብዛት ጋር፣ እንዲሁም ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ የምት ፍጥነቱም ቮልቴጁም እያንዳንዳቸው በ20 በመቶ ቢቀነሱ ፍጆታው ወደ ግማሽ ገደማ ሲወርድ፣ የሥራ አቅሙ የሚያጣው አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው። የላፕቶፕ ወርክስቴሽን የቆመው በዚህ ሕግ ላይ ነው። የመጨረሻዋን ጥቂት ፍጥነት ለማግኘት ዴስክቶፑ የሚያባክነውን ዋት ላፕቶፑ ይተወዋል፤ በዋት ሲመዘን ላፕቶፑ ብዙ ጊዜ የተሻለ ቆጣቢ ነው፤ ይህም በሻጮች ማስታወቂያ ውስጥ ተገቢውን ቦታ ያላገኘ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪው ሮበርት ዴናርድ በ1974 እንዳሳየው ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ የሚወርድበት ዘመን በ2000ዎቹ አጋማሽ ገደማ በማብቃቱ፣ ከዚያ ወዲህ በዴስክቶፑና በላፕቶፑ መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ ሄደ፤ የዴስክቶፑ ካርድ ዋት ሲጨመርለት የላፕቶፑ ጣሪያ ግን ብዙም አልተነቃነቀም።

ሙቀቱ ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን ዕድሜንም ይነካል። በሐምሌ 2008 ኤንቪዲያ በላፕቶፖች ውስጥ ያሉ አንዳንድ የቀድሞ ትውልድ ቺፖች በማሸጊያቸው ድክመት ምክንያት ከተለመደው በላይ እየተበላሹ መሆናቸውን አስታውቆ፣ ለዋስትናና ለጥገና ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መያዙን ይፋ አደረገ። ቺፑን ከታችኛው ሰሌዳ ጋር የሚያገናኙት ጥቃቅን የብየዳ ነጠብጣቦች ቺፑ በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር እየተሳሳቡ በመጨረሻ ይሰነጠቃሉ። በቀን ብዙ ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ በጠባብ ቦታ ውስጥ የሚግል ላፕቶፕ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ድካም ከዴስክቶፕ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ኩባንያው ራሱ በወቅቱ የላፕቶፕ ንድፍና የተጠቃሚ አያያዝም ድርሻ እንዳላቸው ገልጾ ነበር።

ስሙ ራሱ ያለፈበት መንገድ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። በ2012 የወጣው የዴስክቶፑ ኳድሮ ኬ5000 የስሌት ክፍሎቹ፣ በሙያው አጠራር ኮሮቹ፣ 1536 ሆነው 122 ዋት ይፈጅ ነበር፤ የላፕቶፑ ኬ5000ኤም 1344 ኮርና 100 ዋት ነበረው፤ የሁለቱም ሜሞሪ 4 ጊጋባይት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን፣ ያችንም ትንሽ ልዩነት በስሙ መጨረሻ ያለችው «ኤም» ለገዢው ትናገር ነበር። በኋላ ፓስካል የተባለው ትውልድ በመጣ ጊዜ ይህች ፊደል ተጣለች። የዴስክቶፑ ኳድሮ ፒ5000 2560 ኮርና 180 ዋት ሲኖረው፣ በ2017 የወጣው የላፕቶፑ ፒ5000 2048 ኮርና 100 ዋት ነበረው፤ ርቀቱ ሲሰፋ ምልክቱ መጥፋቱ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። በ2018 የተጀመረው ቱሪንግ የተባለው ትውልድ ለጊዜው ነገሩን አቃንቶት ነበር፤ የኳድሮ አርቲኤክስ 5000 የዴስክቶፕና የላፕቶፕ መልኮች ሁለቱም 3072 ኮርና 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ስለነበራቸው፣ የሚለዩት በዋት ነበር። በ2020 መጨረሻ ኳድሮ የሚለው ስም ቀርቶ አርቲኤክስ ኤ የሚለው ሲተካ ግን ክፍተቱ ተመልሶ መጣ፤ የዴስክቶፑ ኤ5000 8192 ኮር፣ 24 ጊጋባይትና 230 ዋት ሲኖረው፣ የላፕቶፑ 6144 ኮርና 16 ጊጋባይት ያለው ሌላ አነስተኛ ቺፕ ነበር። በ2023 የወጣው የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 5000 ኤዳ 12800 ኮር፣ 32 ጊጋባይትና 250 ዋት ሲኖረው፣ የላፕቶፑ ስመ ሞክሼ 9728 ኮርና 16 ጊጋባይት ይዞ፣ ኃይሉ ከ80 እስከ 175 ዋት ባለው ክልል ውስጥ ላፕቶፕ ሠሪው በመረጠው ልክ ይወሰናል።

ይህ የመጨረሻው ነገር፣ የዋቱ ክልል፣ ገዢው ሊዘነጋው የማይገባው ነው። የዴስክቶፕ ካርድ ገዢ አንድ የታወቀ ነገር ይገዛል፤ የላፕቶፕ ገዢ ግን በአንድ ስም ስር ከግማሽ በታች ኃይል ያለውንም ሙሉውን የያዘውንም ሊያገኝ ይችላል። ቀጭኑ ላፕቶፕ 80 ዋቱን፣ ወፍራሙ 175ቱን የሚይዘው ቺፑ ስለሚለያይ ሳይሆን መያዣው ስለሚለያይ ነው። ሠሪዎች ለጥቂት ዓመታት ዝቅተኛ ዋት ያላቸውን ማክስ ኪው በሚል ተጨማሪ ስም ይለዩአቸው ነበር፤ በኋላ ይህም መለያ ከካርዱ ስም ወጥቶ የዋቱ ቁጥር በላፕቶፑ ዝርዝር መግለጫ ውስጥ እንዲጻፍ ተተወ። ቁጥሩን ፈልጎ የሚያነብ ገዢ ብዙ አይደለምና፣ እዚህ ላይ ሠሪዎቹ ከነቀፋ አያመልጡም።

ፍጥነትን ጊዜ ይክሰዋል፤ 10 ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ 16 ደቂቃ ቢፈጅ ባለሙያው ቡናውን ይጠጣል። የሜሞሪ ጉድለትን ግን ትዕግሥት ብዙም አይክሰውም። ካርዱ የሚሠራበት ቅርጽ፣ የገጾቹ ሥዕልና የብርሃኑ መረጃ በካርዱ የራሱ ሜሞሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ካልበቃው መረጃው በጠባቡ የማዘርቦርድ መስመር እየተመላለሰ ሥራው እጅግ ይጓተታል፤ አንዳንድ ፕሮግራምም ጭራሹን ይቆማል። ለአንድ የብረት መለዋወጫ ወይም ለመኖሪያ ሕንፃ ንድፍ 16 ጊጋባይት የተትረፈረፈ ሲሆን፣ ለሙሉ አውሮፕላን፣ ለፊልም ትዕይንት ወይም ለከርሰ ምድር የድምፅ ሞገድ ጥናት ግን ይህ ልክ ቶሎ ይሞላል። በ2025 የወጣው የዴስክቶፑ አርቲኤክስ ፕሮ 6000 ብላክዌል 96 ጊጋባይት ሜሞሪና እስከ 600 ዋት ፍጆታ ሲኖረው፣ በዚያው ትውልድ የላፕቶፖቹ ቁንጮ የሆነው ፕሮ 5000 የያዘው 24 ጊጋባይት ነው። በ2012 በሁለቱ ዘርፎች መካከል የነበረው ጉርብትና በዚህ ጊዜ ፈርሷል ማለት ይቻላል።

ይህም ሆኖ ላፕቶፑን ስመ ወርክስቴሽን ብቻ አድርጎ ማጣጣል ታሪኩን መሳት ነው። ስሙ ከመጀመሪያው የገባው ቃል የትክክለኛነትና የተጠያቂነት እንጂ የፍጥነት አልነበረም፤ በዚህ በኩል የላፕቶፑ ካርድ ያንኑ ድራይቨር ይጠቀማል፣ ያንኑ ፈተና ያልፋል፣ መስመሩንም በዚያው ቦታ ያሰምራል። በአንዳንድ ነገር እንዲያውም የላፕቶፑ ፈተና ይጠብቃል፤ የዴስክቶፕ ካርድ በየትኛውም ሣጥን ውስጥ ተሰክቶ እንዲሠራ ስለሚጠበቅ ብዙ ጊዜ ማረጋገጫውን የሚያገኘው በካርዱ ስም ሲሆን፣ በላፕቶፕ ላይ ግን በቀላል ሥራ ጊዜ ኃይል ለመቆጠብ ሥዕሉን ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ወደሚገኘው አነስተኛ ግራፊክስ የሚያዛውር ሥርዓት ስላለ፣ የንድፍ ፕሮግራም ሠሪዎች ማረጋገጫውን የሚሰጡት የላፕቶፑን ሞዴል፣ ካርዱንና የድራይቨሩን ቁጥር አንድ ላይ መዝግበው ነው።